በደንገሌ ማንም አይጮኽም

አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የሳሎኑ መስኮት ይንቀጠቀጣል። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ የሺአረግ ትነሣለች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭው በር ታያለች፤ ማንም የለም፤ ትቀመጣለች። ደግሞ ትነሣለች።

«ኧረ አንድ ቦታ ተቀመጪ! ምንጣፉን ጨረስሽው እኮ» አሉ እናቷ ወይዘሮ ወርቅዬ ከጓዳ ብቅ ብለው። «አይመጣም ብለሽ ነው የምትቁነጠነጪው፣ ወይስ ይመጣል ብለሽ?»

«እኔ እንጃ እማዬ።»

እውነቷን ነበር። ቢቀር ትሞታለች፤ ቢመጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን አታውቅም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ነገ እሑድ የአባቷ የድሮ ባልደረባ ለመሐንዲስ ልጁ ሽማግሌ ይዞ ሊመጣ ተቀጥሯል። ቤታቸው እዚያው ቦሌ፣ ከነየሺአረግ አጥር ብዙም አይርቅም፤ ልጁም የሚወጣለት ነውር የለም። አባቷ አቶ አስፋው እሺም እምቢም አላሉም። ለልጃቸው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያ ዓሣ አጥማጅሽ የእውነት ካለ፣ አማላጅ እንዳይልክብኝ። በሰው አፍ ልጅ አልሰጥም። ራሱ ይምጣና በገዛ አፉ ይንገረኝ። ካልሆነለት እሑድ የሚመጡትን እሺ እላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ እንዳታለቅሺብኝ።»

መልእክቱን ወደ ሐይቁ ያደረሰው የዓሣ መኪናው ሾፌር ላጲሶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሺአረግ እንቅልፍ የሚባል ነገር ዘወር ብሎ አላያትም።

አቶ አስፋው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከአውሮፕላን ሞተር ሥር ነው። በጥገና ሠራተኝነት ገብተው በአለቅነት ወጡ። ሞተሩ ቤት ሠራላቸው፣ ልጅ አስተማረላቸው፣ በምትኩ ጆሯቸውን ወሰደ። እሳቸው ግን ይህን አምነው አያውቁም። «የዛሬ ዘመን ሰው ድምፅ የለውም» ነው የሚሉት። ስለዚህ በዚያ ቤት ሁሉም ይጮኻል። ሬዲዮኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይጮኻል፤ ወይዘሮ ወርቅዬ ከጓዳ ሆነው ይጮኻሉ፤ የሺአረግም ብትሆን ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤቷ የስልክ ማዞሪያ ክፍል ተቀምጣ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» ስትል ውላ ማታ ጉሮሮዋን ይዛ ትገባለች።

ከዚህ ሁሉ ጩኸት ተነሥታ ነበር ደንገሌ የሄደችው።

*

ደንገሌ መኪና አይደርስባትም። መንገዱ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የደንገል ታንኳ ነው። የሺአረግ ከሁለት ዓመት በፊት የመሠረተ ትምህርት ዘማች ሆና፣ የጠመኔ ሣጥኗን ታቅፋ ውኃው ዳር ስትደርስ፣ አንድ ረዥም ወጣት ታንኳውን እየጎተተ መጣና በእጁ የምትቀመጥበትን አሳያት። ረታ ይባላል።

በታንኳ ላይ ተሳፋሪ ከፊት፣ ቀዛፊ ከኋላ ነው። ዞሮ ማየት የለም። የደንገል ታንኳ መዞር ለሚወድ ሰው አትሆንም፤ ትገለብጠዋለች። ስለዚህ ከመንደሩ ማስተማሪያው ዳስ ድረስ በየቀኑ ሲያመላልሳት፣ ፊቱን ሳታጠና ቀዘፋውን አጠናች። ሲደሰት ቀዘፋው ይረዝማል። ሲያስብ ውኃውን የሚነካው የሚያባብለው ይመስል ቀስ ብሎ ነው። አንድ ቀን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ልታየው ፈልጋ ዞረች። ታንኳዋ ተንገዳገደች፤ ጠመኔው ውኃ ገባ።

«ዞረሽ አትይ» አላት በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ።

«ካልዞርኩ በምን አይሃለሁ?»

የረታ ቀዘፋ ረዘመ።

ማታ ማታ ዓሣ አጥማጆቹ ውኃ የጠጡ ታንኳዎቻቸውን እያወጡ በሾላው ግንድ ላይ ያቆሟቸዋል። ታንኳዎቹ ቆመው ጠብ፣ ጠብ ይላሉ። አባ ኮዳ የሚሏቸው ትልልቅ ወፎች እንደ ተጣላ ሰው አስታራቂ አንገታቸውን ቀብረው ዳር ዳሩን ይቆማሉ። መረብ የሚጠግን ይጠግናል፣ ልጅ የሚያስተኛ ያስተኛል፤ ሁሉም የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለጎረቤቱ ትከሻ ያህል ነው። የሺአረግ ጆሮዋ ከተወለደች ያላረፈውን ዕረፍት እዚያ አረፈ።

ገና በመጣች ሰሞን ግን አንድ ጥፋት አጥፍታለች። ከውኃው ማዶ ተማሪዎቿን አየቻቸውና እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ሃሎ!» አለች፣ እንደ ለመደችው፣ ከሆዷ። መንደሩ እንዳለ ወደ ውኃው ፈሰሰ። ወንዶቹ ታንኳ እየገፉ፣ ሴቶቹ ሕፃን እንዳዘሉ፣ አንዱ ሽማግሌ በአንድ እግሩ ጫማ ብቻ። የሰመጠ ሰው ይፈልጋሉ። የሰመጠ ሰው የለም፤ በውርደት የምትሰምጥ አንዲት ዘማች ብቻ ነበረች።

የቆጣት ሰው የለም። ያደረችበት ቤት ባለቤት እማማ ተናኜ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፍነው አስቀመጧት።

«እዚህ አይጮኽም ልጄ። እዚህ የሚጮኸው ውኃ የበላው ሰው ነው። ዝም የምንለውም ዝምታ ጣፍጦን እንዳይመስልሽ። የተጣራ እንደሆነ እንድንሰማው ነው።»

«ሲሰምጥ ምን ብሎ ነው የሚጮኸው?»

«ስም ነዋ። ድረሱልኝ የሚል የለም፤ የአንድ ሰው ስም ነው የሚወጣው። ማንን እንደሚጠራ ራሱም አስቀድሞ አያውቀውም።»

ከዚያ የራሳቸውን ነገሯት። ከባላቸው ከአባ ወልደጻድቅ ጋር ተኳርፈው በአንድ ጣሪያ ሥር ጀርባና ጀርባ ሆነው ብዙ ክረምት አሳልፈዋል። እናቱም እህቱም በሕይወት ሳሉ፣ ጉማሬ ታንኳውን የገለበጠው ለት ሰውየው «ተናኜ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን መለሱለት?»

«የተጠራ ሰው ይመልሳል እንዴ? ይሄዳል እንጂ! ቀሚሴን እንኳ አላወለቅሁም።»

የሺአረግ ይህን ወሬ ቦሌ ከተመለሰች በኋላ ለእናቷ ስንት ጊዜ እንዳወራችው እግዜር ይቁጠረው። ወይዘሮ ወርቅዬ «ያቺ ተናኜሽ ደግሞ መጣች» እያሉ ይስቁባት ነበር።

*

«ቤቶች! ቤቶች!»

የላጲሶ ድምፅ ነው፤ የላጲሶን ድምፅ ሞተርም አይሸፍነው። በሩ ተከፈተ። ከላጲሶ ኋላ ረታ ገባ። ኮቱ የላጲሶ ነው፤ እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀርቷል። በእርጥብ ደንገል የተጠቀለለ ዓሣ እንደ ሕፃን ታቅፏል። የሺአረግን አየት አደረጋትና ዓይኑን ወዲያው ወደ መሬት መለሰ። እሷም ወደ መስኮቱ።

«ውይ ቆሮሶ!» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ ጥቅሉን ተቀብለው። «ዓይኑ እንኳ ገና ሰው ያያል!»

አቶ አስፋው ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘረጉ። «ተቀመጥ። ስምህ ማን ይባላል?»

«ረታ» አለ ረታ።

«ማ?»

«ረታ ይባላል ጋሼ!» አለ ላጲሶ።

«እሱን ነው የጠየቅሁት። አንተ ስምህ ማን ይባላል?»

«ላጲሶ!»

«አንተስ ተሰማኸኝ። በል አሁን ዝም በል።» ወደ ረታ ዞሩ። «ልጄ፣ ነገር አላበዛም። ይቺ ልጅ ያለችኝ አንዲት ናት። የት ልታኖራት ነው ያሰብከው?»

ረታ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ። መረብ ያሻከራቸው ጣቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተቆላልፈዋል። ከዚያ ተናገረ፤ ውኃ ላይ እንደሚናገር፣ ለጎረቤቱ ትከሻ ያህል።

«እሷ ከመረጠችበት ነው ጌታዬ። ደንገሌን ካለች ቤት ሠርቻለሁ፤ በሩን ወደ ውኃው አድርጌዋለሁ፣ እንደምትወደው። እዚህ ካለችም ማኅበራችን ሃያ ሁለት ማዞሪያ ዓሣ መሸጫ ሊከፍት ነውና እዚያ እገባለሁ። ከውኃው መለየት ይከብደኛል። ከሷ መለየት ግን አልችልም።»

የሺአረግ እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተከፍቶ ሞቀ። በሩን ወደ ውኃው ማድረጉን ነግሯት አያውቅም።

«ምን አለ?» አሉ አቶ አስፋው።

ላጲሶ መቀመጫው ላይ ተቁነጠነጠ፤ አልቻለም። «ጋሼ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት፣ በወርቅ ወንበር ነው የማስቀምጣት ነው የሚለው!»

«እንደዚያ አለ?»

«ባይልም ማለቱ አይቀርም!»

ወይዘሮ ወርቅዬ ከጓዳው በር ሆነው ሳቃቸውን ዋጡ። አቶ አስፋው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ጮክ በልልኝ። እኔ ካንተ አፍ ሌላ የምፈልገው የለም። ጮክ በል።»

ረታ ቀና አለ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። አፉ ተከፈተ። ሰው መሐል ልብስህን አውልቅ የተባለ ሰው ይመስል ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ የወጣችው ድምፅ ግን ያችው ናት። በዚያው ቅጽበት አውሮፕላን መጣና እሷንም ወሰዳት።

የሺአረግ ልትደግምለት ትችል ነበር። የዕለት ተዕለት ሥራዋ የሰውን ቃል ከሰው ጆሮ ማገናኘት አይደለም እንዴ? ግን አልደገመችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሷ ሲል፣ ከዚያ ጸጥ ካለ ነፍሱ ውስጥ እንዲወጣላት ፈለገች። ጠበቀች። መስኮቱ መንቀጥቀጡን አቆመ። ረታ ዝም ብሏል።

«ይኸው» አሉ አቶ አስፋው፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ ድካም እንጂ። «ለራሱ ጉዳይ አፍ ያጣ ሰው፣ ነገ ልጄን ቢነኩበት በየት አፉ ይከራከርላታል? በሰው አፍ አልሰጥም ብያለሁ። ስለመጣህ እግዜር ይስጥህ። መንገድ አለባችሁ፤ ደህና ግቡ።»

ላጲሶ ወደ መኪናው ቀደመ፤ ረታም ተነሣ። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ማንም ሳይሸኘው በረንዳው ላይ ደረሰ፤ የሺአረግ ተከትላው ወጣች።

«አንድ ጊዜ!» አለችው፤ እንባዋ ከድምፅዋ ቀደመ። «አንድ ጊዜ ጮክ ብትል ምን ይነካህ ነበር?»

«የሺዬ፣ ሞከርኩ። አልወጣ አለኝ። እኛ ጋ እኮ...»

«እኛ ጋ፣ እኛ ጋ! እዚህ እናንተ ጋ አይደለም! እዚህ ያልጮኸ ሰው እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ቀኑን ሙሉ ሰው በስልክ ሲጮኽብኝ ነው የምውለው፤ የሚጮኽልኝ አንድ ሰው አጣሁ!»

ረታ ቀጥ ብሎ አያት። በታንኳ ላይ ያን ያህል ዘመን ከኋላዋ ተቀምጦ ያላየውን ፊቷን ሁሉ፣ አሁን በአንድ ጊዜ ሊያየው የፈለገ ይመስል ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሂድ» አለች። «መኪናው እንዳያመልጥህ።»

ጀርባዋን ሰጠችው። ልክ ታንኳ ላይ እንደምትቀመጠው ተቀመጠች፣ የበረንዳው ደረጃ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ። የበሩ መዝጊያ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ተዘጋ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም። ይህ ከሁሉም ይበልጥ አቃጠላት።

*

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሺአረግ ጓዳ ውስጥ ቆማ ዓሣ ትፍቅ ነበር። እናቷ ከራስ ወደ ጭራ ሲፍቁት አይታ ቢላውን ነጥቃቸዋለች፤ ደንገሌ ከጭራ ወደ ራስ ነው። ቅርፊቱ ይፈናጠራል፤ ክንዷ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ ይለጠፋል። ሬዲዮኑ ሰልፍ ያስተላልፋል።

«ለማን ነው የምትጠብሺው?» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ።

«እኔ እንጃ።»

«ዛሬ ሁሉ ነገር እኔ እንጃ ሆነብሽ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪ። ሰውየውን ነው የወደድሽው ወይስ ሐይቁን?»

ቢላው ቆመ። ይህን ጥያቄ የሺአረግ ለራሷ ጠይቃው ታውቃለች፤ ሌሊት ሌሊት፣ አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ። የናፈቃት ያ የታንኳዎቹ ጠብ ጠብ ቢሆንስ? ያ ዕረፍት ቢሆንስ? ረታ የዕረፍቷ ቀዛፊ ብቻ ቢሆንስ?

«ሐይቁ ይናፍቀኛል እማዬ» አለች። «ላጲሶ በመጣ ቁጥር ስለ ሐይቁ እጠይቀዋለሁ። ዛሬ ግን እሱ በበሩ ሲገባ ሐይቁ ትዝ አላለኝም። ያች እጅጌው ናት የታየችኝ፤ ያጠረችው።»

«ታዲያ ለምን አባረርሽው?»

«ዝም ስላለ።»

ወይዘሮ ወርቅዬ እጃቸውን በሽርጣቸው አበሱ። «አባትሽን ታያቸዋለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ጮኸውብኛል። 'ወርቅዬ ጨው የለውም! ወርቅዬ ካልሲዬ!' አንድ ቀን 'ወርቅዬ እወድሻለሁ' ብለው ሲጮኹ ሰምተሻል? በጩኸት ቢሆን ኖሮ እኔን የሚያህል የተወደደ ሰው ቦሌ ውስጥ አይገኝም ነበር።»

የሺአረግ እየሳቀች አለቀሰች። ሬዲዮኑ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ሊገድላት ደረሰ።

«እማዬ፣ በእመቤቴ ዝጊልኝ።»

ወይዘሮ ወርቅዬ ዘጉት። ጓዳው ጸጥ አለ። ከሳሎኑ አቶ አስፋው «ምን ሆነ ሬዲዮኑ?» ብለው ጮኹ፤ የመለሰላቸው ሲያጡ እሳቸውም ዝም አሉ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ሆኖ አያውቅም። የሺአረግ የቧንቧውን ጠብታ ሰማች። ጠብ፤ ጠብ። የተጣራ እንደሆነ እንድንሰማው ነው፣ ብለዋት ነበር እማማ ተናኜ። ያኔ የመሰላት ደስ የሚል አባባል ነበር። እኔ ግን፣ አለች በልቧ፣ ሲነግረኝ ሁሉ ሰምቼው ነበር። አንድም ቃል አላመለጠኝም። የሰማሁትን ሰው አልሰማሁህም ብዬ ሸኘሁት።

ያን ጊዜ ነው የሰሙት።

«የሺ... አረ... ግ!»

ሰው በር ላይ ቆሞ ሰው ሲጣራ እንዲህ አይደለም። ሸካራ ነው፤ ተሰነጣጥቆ ነው የወጣው፤ ተሠርቶበት የማያውቅ ጉሮሮ ነው። የጎረቤት ውሾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡ። አንድ ቦታ መስኮት ተከፈተ፤ ሌላ ቦታ በር። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰዓት፣ መንገድ ላይ የሚጮኽ ሰው ምን እንደሚገጥመው የማያውቅ የለም።

«የሺአረግ!»

ወይዘሮ ወርቅዬ ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ እሳቸው ራሳቸው በሹክሹክታ፣ «ሰውየው እየሰመጠ ነው።»

ቢላው ወደቀ። የሺአረግ በቤት ጫማዋ፣ ቅርፊት በለበሱ እጆቿ፣ ሳሎኑን አቋርጣ ሮጠች። አቶ አስፋው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው ጆሯቸው ላይ ነው። «ማነው የሚጠራሽ?» አሏት። አልመለሰችም። የተጠራ ሰው አይመልስም።

ረታ የአስፋልቱ መሐል ላይ ቆሟል። ሃያ ሁለት ደርሶ ነው የተመለሰው፤ ከኋላው የዓሣ መኪናው ሞተሩ እንደበራ፣ ላጲሶ አንድ እግሩን አውርዶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ጠፍቶበት። አንድ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን እያስተካከለ ደረሰ።

«ምንድን ነው ጓድ? ማን ነካህ? ማንን ነው የምትጠራው?»

ረታ አላየውም። ከውኃ የወጣ ይመስል ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። ሦስተኛውን ጥሪ ሊጠራ አፉን ከፍቶ ነበር፤ በሩ ሲከፈት አየና እዚያው ላይ ቀረ።

የሺአረግ ቀስ አላለችም። ያንን ያጠረ እጅጌውን በሁለት እጇ ያዘች፤ የዓሣው ቅርፊት ኮቱ ላይ ተለጠፈ፤ በጀምበሯ አብረቀረቀ። ፊት ለፊት ናቸው። መንገዳገድ የለ፣ መገልበጥ የለ። ዓይኖቹ ቡናማ መሆናቸውን ታውቃለች፤ እንዲህ በቅርብ ስታየው ግን ዛሬ ገና ነው።

«እኔን ጠራህ» አለች።

«ማንን እንደምጠራ አላውቅም ነበር» አለ በተሰነጠቀ ድምፁ። «ሃያ ሁለት ላይ ላጲሶ መኪናውን ሲያስነሣ ውኃው እዚህ መጣብኝ» አንገቱን ነካ፣ «አንቺ ነሽ የወጣሽው።»

«አንተ!»

ሰው ሁሉ ወደ ግቢው በር ዞረ። አቶ አስፋው በሸሚዝ ብቻ፣ ነጠላ ጫማቸውን አገላብጠው ተጫምተው ወጥተዋል። የጥበቃው ሰው ሲያያቸው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ሽማግሌው ተጠግተው ረታን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አሁን ሰማሁህ» አሉ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወደ ቤቱ ዞረው፣ እንደ ልማዳቸው፣ መንደሩ እስኪሰማ፦ «ወርቅዬ! ነገ ለሚመጡት ሰዎች ምን ብዬ እንደምነግራቸው አስቢልኝ! ዓሣውንም ጣጂው፣ እንግዶች አሉ!»

«እኔም ዓሣ እበላለሁ ጋሼ!» አለ ላጲሶ፤ አፉ ተመለሰለት።

አንዱ ጎረቤት ሳቀ። መስኮቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። በዚያው ላይ አውሮፕላን መጣ፤ ጣሪያ ሊነካ ዝቅ ብሎ፣ ሳቁንም፣ የውሾቹንም ጩኸት፣ የመኪናውንም ሞተር ውጦ። ረታ ወደ የሺአረግ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፤ በዚያች በጥንቷ ድምፁ፣ ለትከሻ ያህል። መንገዱ ላይ የቆመ ሰው አልሰማም፤ አባቷም አልሰሙም፤ ላጲሶም የሚደግመው አልነበረም።

የሺአረግ ግን ሰማች።